በሰም ክር የታሰረው ሽቦ

የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። አሁን የምኖረው ዳባት ልጄ ዘንድ ነው። ባለፈው ሰሞን ለጉልበቴ መድኃኒት ልገዛ ከእሷ ጋር ደባርቅ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። ጋቢናው ተከፍቷል። አንድ ጎልማሳ ኤሌትሪሺያን ወለሉ ላይ ተጋድሞ እግሮቹ ብቻ ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ባለሁበት ቆምኩ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አሞሽ ነው?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ጠጋ አልኩና አንገቴን ወደ ጋቢናው አስገባሁ። ወይ ጉድ! ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ቢጫውም ሽቦ እንደ ዶሮ አንጀት ተዝረክርኳል። አንዱ ለቴፑ፣ አንዱ ለስልክ መሙያው፣ አንዱ ጣሪያው ላይ ለሚንቦገቦገው ሰማያዊ አምፖል፤ የመጣ ሾፌር ሁሉ አንዳንድ እየጨመረ ሄዷል። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ያለ ሪሌ ነው የቀጠልከው?» ብለው ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከመሪው ጋር አጋጨው። «እማማ፣ ሪሌን ደግሞ የት ያውቁታል?» አለኝ እየሳቀ። የት አውቀዋለሁ! ነጠላዬን አይቶ ነው፤ አሮጊት ስለ ጉልበቷ እንጂ ስለ ሪሌ ምን አገባት ብሎ ነው። «አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። መድኃኒቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምለየው በጨርቅ ነው። ከፋይ በስንት መከራ የሚገኝበት፣ አቡጀዲ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንወስድበት ዘመን ነበር። ወንዱ ወደደም ጠላም ካኪ ለብሷል። እኛ ሴቶቹ ሻሻችንን እስከ ግንባራችን አውርደን፣ በኮንጎ ጫማ የደባርቅን ጭቃ እየረገጥን፣ ጣታችን በብርድ ደንዝዞ ነበር የምንውለው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስኳር ግን የለውም። ስኳሩን ከቤቱ በወረቀት ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ነበር፤ እንዳትለምኑት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚጨምረው። ዛሬ ልጆቻችን «በዚያ ዘመን ምን ትሰሙ ነበር?» ይሉናል። ምን እንሰማለን? ሬዲዮኑ ሰልፍ ነበር፣ ዘፈኑም ሰልፍ ነበር። ለእኛ ለሾፌር ሚስቶች ግን ከሬዲዮኑ በላይ ጆሯችንን ጥለን የምንሰማው ነገር ነበረን፤ የመኪና ጡሩምባ።

የእድር ጡሩምባ እንዳይመስላችሁ። ሊማሊሞን መቼም ያላየ ወይ ያልሰማ የለም። ከደባርቅ አፋፍ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገድ ነው። አንዱ መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ የሚቀጥለውን ከእግራችሁ ሥር ታዩታላችሁ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሾፌር ሁሉ ከየመታጠፊያው በፊት ጡሩምባውን ይነፋል፤ ድምፁም ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ የዚያን ጊዜ ሾፌር መኪናውን ከፋብሪካ እንደ መጣ የሚነዳ አልነበረም። ጡሩምባውን ራሱ መርጦ ያስገጥማል፤ የአንዱ ድምፅ ከሌላው አይመሳሰልም። መኪናው ገና ሥር ሳለ እኛ ደባርቅ ሆነን እናውቀዋለን። «ያ የእገሌ ነው፣ ያንቺ ደረሰልሽ» ተባብለን የእግር ውሃ እንጥዳለን። ሰውዬው አፋፉን ወጥቶ፣ ኬላ አልፎ፣ መኪናውን አቁሞ እቤት ሲገባ ውሃው ለብ ብሎ ይጠብቀዋል። አሁን አስፋልት ሆኗል፤ ፈረንጅ ለሽርሽር ቆሞ ፎቶ ያነሳል። የእግር ውሃ የምትጥድ ሴትም የለች፤ በስልክ «የት ደረስክ?» ትለዋለች፣ እሱም ይዋሻታል።

እኔ የጋቢና ሰፊ ነበርኩ። ከዋናው መንገድ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪናዬ ለሾፌሮች መጋረጃ፣ የወንበር ልብስ፣ የመስታወት ዘርፍ እሰፋለሁ። «ጋቢና ሰፊዋ የሺ» ይሉኛል። ጋቢና ያን ጊዜ እንደ ጫጉላ ቤት ነበር የሚሽሞነሞነው። ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ፣ ከመስታወቱ በላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር ትንሽ ቀይ አምፖል። ደሳለኝ ባሌም የመጣው መጋረጃ ሊያሰፋ ነው። ዘርፍ ለመምረጥ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀ። በማግስቱ መጥቶ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አለኝ። እንደገና መጥቶ እንደገና ቀየረ። በመጨረሻ ብስጭት አልኩና «አንተ ሰውዬ፣ መጋረጃ ነው የፈለግኸው ወይስ ሌላ ነገር?» ብለው ጆሮው ድረስ ቀላ። እንዲህ ነው የተጋባነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አፍሮው የጋቢናውን ጣሪያ የሚነካ ሰው ነበር። ዝምታውን በጡሩምባው ነበር የሚክሰው። ሦስት ቀንድ ያለው፣ አንዴ ሲጫኑት ቀጭኑ የሚጀምር፣ ወፍራሙ የሚቀበል፣ ከዚያ ሁሉም አብረው የሚጮኹ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በአፋቸው ያስመስሉት ነበር።

መኪናው ኤንትሬ የሚሉት የፊያት ጭነት መኪና ነው፤ ባለንብረቱ ጎንደር የሚኖር ነጋዴ ነበር። ከደሳለኝ በፊት የነዱትም ሁሉ ያቅማቸውን ጨምረውበታል። ቴፕ፣ ቬንትሌተር፣ የጭጋግ መብራት፣ ጣሪያው ላይ የተደረደሩ ባለቀለም አምፖሎች። ሁሉም ከአንዲት ቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ፣ በአንዲት ትንሽ ማብሪያ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሊማሊሞን ሞልቶት ሳለ ደሳለኝ ሽቅብ እየመጣ ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት ጭስ ተፋ። መብራቱ ጠፋ፣ የመስታወት መጥረጊያው ቆመ፣ ጡሩምባው ዝም አለ። የፊት ጎማው ከገደሉ ጠርዝ ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ አስገባለት። እቤት ሲገባ ፊቱ አመድ ነበር፤ ልብሱ በሙሉ ያ ሽታ ይሸታል። «የሺዬ፣ ዛሬ ሞቼ ነው የመጣሁት» አለኝና እግሩን ሳይታጠብ ተኛ። ያን ሽታ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም።

ደባርቅ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ የሚያውቀው ጋሽ ሲራጅ ብቻ ነበር። ሙያውን አሥመራ ተምሮ የመጣ፣ መነጽሩ ወፍራም፣ አፉ ለሽቦ እንጂ ለሰው የማይከፋ ሰው ነው። ሽቦ ሲሳደብ ብትሰሙት! ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ክሩስኮቱን ፈታና «ደሳለኝ፣ ይሄ ጋቢና አይደለም፣ የሸረሪት ቤት ነው። እስካሁን አለመቃጠልህ የእናትህ ጸሎት ነው» አለው። «ሁሉም ይውጣ። እንደገና ይሠራል።» እኛም ደስ ብሎን ተስማማን።

ሥራው ሳይጀመር ግን ትእዛዝ መጣ። መኪናው ለዘመቻ ይፈለጋል፤ ከኮንቮይ ጋር ጭነት ይዞ ቆላ ይወርዳል ተባለ። ደሳለኝ እንቢ የሚልበት አገር አልነበረም። ሲቀጥልም፣ ኮንቮይ የሚገባ መኪና ሁሉ ትርፍ መብራቱንና ጡሩምባውን ያውልቅ፣ ለጠላት ምልክት ይሰጣል፣ ሜዳው ላይ ቆሞ ይፈተሻል፣ የተገኘበት ሾፌር ወዮለት ተባለ። ኮንቮይ ሲወጣና ሲገባም ሕዝብ ከመንገድ ይርቃል። ከኛ በፊት የወረዱት መኪናዎች ተላጭተው ሲመለሱ አይተናቸዋል። ጭቃ የለበሱ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የማን ተመልሶ የማን እንደቀረ የምንለይበት ነገር አልነበረም። ቀጥለው ደግሞ ሳያድሩ ነዳጅ ቀድተው ወደ ጎንደር ያልፋሉ። ከሰፈራችን አንዷ ባሏ ዛሪማ ላይ ሞቶ ሳለ፣ የሚነግራት ጠፍቶ፣ ኮንቮይ በመጣ ቁጥር የእግር ውሃ ትጥድ ነበር። ውሃው ይፈላል፣ ይበርዳል፣ ደግማ ትጥዳለች። እኔ የፈራሁት ሞትን ብቻ አልነበረም፤ እንደሷ መሆንን ነው። መኖሩን ልወቅ፣ ሌላው ይቅርብኝ ብዬ ነበር እመብርሃንን የምለምናት።

ጋሽ ሲራጅ ጡሩምባውን ሊፈታ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ከሥር ቆሜ «ጋሽ ሲራጅ፣ እባክዎ ይተዉልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጡሩምባውን። የማይታይበት ቦታ ይደብቁልኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታሰቅይኝ ነው እንዴ?»

ደሳለኝ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «የሺ፣ ተይ። ሰው ታስጨርሻለሽ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። «አንተማ እሳት ውስጥ ስትነዳ ቢያንስ እጅህ መሪ ይዟል! እኔ እዚህ ምን ይዤ ልቀመጥ? አፋፉ ላይ ስትደርስ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ንፋልኝ። መኖርህን ልወቅ። ከዚያ ብትፈልግ ሳታድር ጎንደር እለፍ።» እንባዬ መጣ፤ ያን ጊዜ ገና ጡት የምትጠባው፣ ያዘልኳት ልጃችንም አብራኝ ማልቀስ ጀመረች። ደሳለኝ አቀረቀረ። ጋሽ ሲራጅ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ መሰላሉን ወረደና «ሰምና ጠንካራ ክር አለሽ?» አለኝ።

ናስትሮ የሚባል የሽቦ ፕላስተር ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ሽቦውን ጎን ለጎን አስተኝቶ በሰም በታሸ ክር ማሰር ነው የነበረበት፤ እሱ ደግሞ የኔ እጅ ሥራ ነው። በግቢያችን አቁመነው ከጠዋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ሠራን። የከሰለውን ሽቦ በሙሉ ጎትቶ አውጥቶ ክምር አደረገው። ሪሌ ከየት ይገኛል ስንል፣ ሊማሊሞ ሥር ከወደቁት መኪናዎች የለቀማቸውን በከረጢት ይዞ መጣ። ደሳለኝ አያቸውና «የሟች ዕቃ ልትገጥምልኝ ነው?» ቢለው «የገደላቸው ሪሌው አይደለም» ብሎ አሳጠረው። ለኔ ግን ሲያስረዳኝ ትዕግሥቱ! «የሺ፣ ይህቺ የምትነኪያት ትንሿ ማብሪያ ትእዛዝ ብቻ ትስጥ። ጭነቱን ሪሌው ይሸከመዋል፤ ከባትሪ በቀጥታ፣ በወፍራም ሽቦ፣ በየራሱ ፊውዝ። ለትንሿ ሁሉን ስታሸክሚያት ነው የምትቃጠለው።» ያገኘነው ሽቦ በሙሉ ጥቁር ስለነበር ምልክቱን በክር አደረግሁለት፤ ለመብራቱ ቀይ፣ ለመስታወት መጥረጊያው አረንጓዴ፣ ለፍሬቻው ቢጫ። በየጣት ስፋቱ እየቋጠርኩ፣ በጥርሴ እየጎተትኩ አሰርኩት። የጡሩምባውን ሽቦ ምልክት አላደረግሁበትም። ከእሽጉ መሐል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ሸፍነውት፣ እስከ መቀመጫው ሥር ድረስ ወሰድኩት። ቀንዶቹን ጋሽ ሲራጅ ከመለዋወጫ ጎማው ኋላ በጭቃ ቀብቶ ሰቀላቸው። ማብሪያውን ከወንበሩ ልብስ ሥር፣ ከሾፌሩ ጭን በስተቀኝ አስቀመጠው፤ እኔ ላዩ ላይ ከፋዩን ሰፋሁበት። ሲሞክሩት ድምፁ ትንሽ ሻከር አለ እንጂ ያው ራሱ ነው። ቶሎ ዝም አሰኙት።

የፍተሻው ዕለት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። አንድ ሻምበል በእጁ ባትሪ እያበራ ክሩስኮቱን አስከፈተና ቆየ። ከዚያ እጁን በታሰረው ሽቦ ላይ ሰደድ አድርጎ «ይሄን ማን ሠራው? ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ምን ነበረበት!» ሲል ሰማሁት። ደሳለኝ «ባለሙያ ነው ጓድ ሻምበል» አለ። አለፈ። በነጋታው ማለዳ ወረዱ። አንድም ክላክስ ሳይሰማ፣ ሞተሩ ብቻ እያጉረመረመ። ደሳለኝ በበሩ ሲያልፍ አየኝና ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። የመጨረሻ ነገሩ ይኸው ነው።

መጠበቅን የማታውቁ ሰዎች መጠበቅ ሥራ መፍታት ይመስላችኋል። እኔ ሥራ አልፈታሁም፤ ግን የሰፋሁትን ሁሉ እንደገና እፈታው ነበር። የስፌት መኪናዬ ድምፅ ጆሮዬን እንዳይጋርደኝ በየደቂቃው እግሬን ከመርገጫው አነሳለሁ። መርፌው ጣቴን የወጋበት ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ኮንቮይ መጣ፣ ዝም። ሌላ መጣ፣ ዝም። ንፋሱ ከቆላ ሲነፍስ የሌለ ነገር ይሰማኛል፤ ብድግ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ጡቴ ደርቆ ልጄ በላም ወተት ከረመች። ሌሊቱን ተዉት።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይፈታ፣ ጉሙ አፋፉን ሸፍኖት ሳለ ሰማሁት። ከታች፣ ከሩቅ። ቀጭኑ ጀመረ፣ ወፍራሙ ተቀበለው፣ ሻከር ብሎ አብረው ጮኹ። መጀመሪያ አላመንኩም። ከቀጣዩ መታጠፊያ ደገመው። «ደሳለኝ ነው! ደሳለኝ ነው!» ብዬ መንገድ መሐል ወጣሁ። ጎረቤቶቼ እልል አሉ፤ አንዷ ውሃ ለመጣድ ሮጠች። ልጄን አዝዬ ወደ አፋፉ ስሮጥ አብዮት ጠባቂው «ክልክል ነው፣ ተመለሽ!» ቢለኝ ገፍትሬው አለፍኩ። መኪናው ከጉሙ ወጣ። የሰፋሁት ወርቃማ ዘርፍ መስታወቱ ላይ ይወዛወዛል። ቆመልኝ። በሩ ተከፈተና አንድ የማላውቀው ወታደር ወረደ።

ማርቆስ ይባላል፤ ከወላይታ የመጣ፣ ፊቱ ገር የሆነ ወጣት ወታደር ነው። «ደሳለኝስ?» አልኩት። «የትኛው ደሳለኝ?» አለኝ። «የመኪናው ሾፌር!» «እህቴ፣ እኔ መኪናውን የተረከብኩት አዲአርቃይ ነው። ቆሞ ነበር፤ በሩ ክፍት፣ ቁልፉ እዚያው። ሾፌሩንም ረዳቱንም አላየሁም።» «ደም ነበረ?» «የለም፣ ደም አልነበረም።» «ታዲያ ጡሩምባውን ማን አሳየህ?» ብዬ ደረቱን ያዝኩት። ልጁ ደነገጠ። «ማንም። ሊማሊሞ ላይ ብርዱ ሲብስብኝ እጄን ከወንበሩ ልብስ ሥር አስገባሁ፤ ስነካው ጮኸ። ደስ አለኝ፣ ደግሜ ነካሁት።» ከኋላዬ እልልታው ገና አላቆመም ነበር። አንዷ «እንኳን ደስ ያለሽ የሺ!» እያለች ስትሮጥ ደረሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ!

ከዚያ የማልጠይቀው ሰው አልነበረም። የዘመቻው ቢሮ ያሉት «ከድቶ ይሆናል፣ ዝም ብትዪ ይሻልሻል» አሉኝ። አንዱ ተማረከ አለ። አንዱ ወባ ይዞት ገበሬ ቤት ተኝቶ አየሁት አለ። ሁሉም የየራሱ ወሬ ነበረው። ደም አልነበረም የሚለው ቃል ግን ልቤ ውስጥ ተተክሎ አልነቀል አለ። ማርቆስ ሁለተኛ ሲመጣ ነዳጅ የሚቀዱበት ቦታ ጠብቄ ለመንኩት። «ወንድም ዓለም፣ ቆላ ስትወርድ በየመንደሩ፣ በየመታጠፊያው ንፋልኝ። ደሳለኝ በሕይወት ካለ መኪናውን ያውቀዋል፤ ከተኛበትም ተነስቶ መንገድ ይወጣል።» «ቢይዙኝስ?» አለኝ። ጫማው ላይ ወደቅሁ። አነሳኝና «እሺ» አለ። ልጅ ነው፣ እናት አለችው፤ ምን ይበል?

ክረምት ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ማርቆስ በተመለሰ ቁጥር እኔ ሳልጠይቀው ከጋቢናው መስኮት ራሱን ይነቀንቅልኛል። የእድር ሴቶች «የሺ፣ ሐዘንሽን ተቀመጪ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። አባረርኳቸው። መርዶ ማን ነገረኝ? ያልሞተ ሰው እንዴት ይለቀሳል? እንደ ጠላት ተጣላኋቸው። በየመንደሩ ጡሩምባ እየተነፋለት ቤቱ ሲለቀስለት ቢደርስ ምን ይለኛል እል ነበር።

በመጨረሻ ማርቆስ መጣና ራሱን ሳይነቀንቅ ከመኪናው ወረደ። ወባው አመንምኖታል። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ» አለኝ። «በነፋሁ ቁጥር ሴቶች ይወጣሉ። ዛሪማ ላይ፣ አዲአርቃይ ላይ፣ ከዚያም ወዲያ። አሮጊቶች፣ ልጅ ያዘሉ። እየሮጡ መጥተው ጋቢናውን ያዩና እያንዳንዷ የራሷን ሰው ስም ትጠራብኛለች። አማርኛ የማያውቁም አሉ፤ ስሙን ብቻ ነው የሚሉኝ። የለም እላቸዋለሁ። አንዷ እንዲያውም በነፋሁ ቁጥር ትወጣለች፤ የለም ብዬ ነግሬያት እያለ። ደሳለኝን የጠራልኝ ግን አንድም የለም፤ እሱም አልወጣም። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ።»

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። እነዚያ ሴቶች ታዩኝ፤ ከየቤታቸው የሚያስወጣቸው የኔ ልመና ነው። የሚሮጡትን ሩጫ አውቀዋለሁ። ሲመለሱ የሚራመዱትንም አውቀዋለሁ። «ከእንግዲህ አትንፋ» አልኩት። ተመልሶ ጋቢናው ገባና ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ጎንደር ሄደ።

እኔ ወደ ጋሽ ሲራጅ ቤት ወረድኩ። ከሰላት ተመልሶ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጋሽ ሲራጅ፣ ነገ ጠዋት ሰዎች ይዘው ይምጡና የደሳለኝን መርዶ ይንገሩኝ» አልኩት።

ብድግ አለ። «የሺ፣ ምን ማለትሽ ነው? ማን አየው? ያላየሁትን ሞት በምን አፌ እናገራለሁ?»

«ማንም አላየውም። ለዚህ ነው የሚነግረኝ ያጣሁት። ሰው ካልነገረኝ ማልቀስ አልችልም። እርስዎ ይሁኑልኝ፤ ከእርስዎ ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ብድግ ካለበት ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ «ቤትሽ ግቢና ተኚ» አለኝ።

ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ለብሼ ነበር የተኛሁት። ከደጅ «የሺ» ብሎ ተጣራ። በሩን ስከፍት ጋሽ ሲራጅ ከፊት፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከኋላው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ምን ሊለኝ እንደመጣ አውቃለሁ፤ የላክሁት እኔ ነኝ። መነጽሩን አወለቀ። «የሺ፣ አይዞሽ። ደሳለኝ ዐርፏል» አለኝ። ሸሚዙን በሁለት እጄ አነቅሁት። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «ማን አየው? ውሸት ነው!»